ጩኸታሟ ዩፒኤስ፦ የባትሪ ቅየራ ማስታወሻ

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ጠዋት መብራት ሄደ። መሄዱ ዜና አይደለም፣ ክረምት ነው፣ ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲያጉረመርም የኛ ሰፈር መብራት ቀድሞ ይደነግጣል። ዜናው ዩፒኤሷ ናት፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ዕቃችንን የምታቆይልን ሳጥን። ድሮ ራውተሩን፣ ላፕቶፑንና አንድ አምፖል ይዛ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትቆመው ሴትዮ ዛሬ ጢጥ አለች፣ ደግማ ጢጥ አለች፣ ከዛ አንድ ረዥም ጢጢጢጢ ለቀቀችና ዝም። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ስልኬን ይዤ ቆጠርኩ፣ 40 ሰከንድ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ አፌን እንደከፈትኩ ስክሪኑ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

እማዬ ከኩሽና ሆና "ያቺ ጩኸታም ሞተች እንዴ? ተመስገን" አለች። ጠበኞች ናቸው። ሌሊት መብራት በሄደ ቁጥር እየጮኸች ስለምትቀሰቅሳት "ወይ እሷ ወይ እኔ" ከተባባልን ቆይተናል።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ተራ 1200 ቪኤ (የጉልበቷ መጠን ነው) ዩፒኤስ ናት፣ 5 ዓመት ሊሞላት ነው። ውስጧ እያንዳንዳቸው 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት (የሚይዙት መጠን ነው) የሆኑ ሁለት ድፍን የሊድ (የእርሳስ) ባትሪዎች በሴሪ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ) ታስረው 24 ቮልት ይሰጧታል። የምትቀመጠው ሳሎን ጥግ፣ ፍሪጁ ጀርባ። ይሄን ፍሪጅ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ኃጢአት ደሞ ከመጀመሪያው ልናዘዝ፣ የዛሬ 2 ዓመት አንደኛው ባትሪ ሲደክም እሱን ብቻ ቀይሬ ሌላውን "ገና ጤነኛ ነው" ብዬ ትቼዋለሁ። ብር መቆጠቤ ነበር።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ከቅዳሴ መልስ ከፈትኳት። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬት መንቀል፣ ከዛ የራሷን ማብሪያ ማጥፋት፣ ከዛ ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ። ቀለበቱ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ይቺ ትንሽ ባትሪ ስታይዋት የልጅ መጫወቻ ትመስላለች እንጂ ሁለቱ ጫፎቿ በብረት ከተገናኙ ጣት ላይ ያለ ወርቅ ደቂቃ ሳይሞላ የሚያግል ከረንት ትለቃለች። ቀለበት የለኝም፣ ሰዓቴን አወለቅኩ።

አራት ቪቴ ከስር፣ ሁለት ከኋላ። ሽፋኑ ተነሳ፣ የሽቦዎቹን አሰራር በስልክ አራት ፎቶ አነሳሁ (ቀዩ የት፣ ጥቁሩ የት፣ ሁለቱን ባትሪ የምታገናኘው አጭር ሽቦ የት)። ሽቦዎቹን ነቀልኩና ባትሪዎቹን ልሳብ ስል እምቢ። ጭራሽ አይነቃነቁም። በፋኖስ መብራት ሳያቸው ለካ አብጠዋል፣ ጎናቸው እንደ ተነፋ ኳስ ተቆልምሞ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቋል። በግድ በካቻቪቴ መፈልቀቅ አልፈለግኩም፣ ላስቲኩ ቢሰነጠቅ ውስጡ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ በቃ የጎኑን ቆርቆሮ ራሱን ፈትቼ እንደ ጣሳ ከፈትኩትና በእጄ ገፍቼ አወጣኋቸው። ይሄ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል።

አንደኛው ጫፍ ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት በቅሏል። በእማዬ ቤኪንግ ሶዳ ውሃ በጥብጬ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የሽቦውን መያዣ አሸሁት፣ ፍሽሽ አለና ለቀቀ። ጓንት አድርጌ ነው። ብሩሹን ወዲያው ጣልኩት፣ ቤኪንግ ሶዳው ማለቁን እማዬ እስካሁን አላወቀችም።

ከዛ ቴስተር (ቮልት መለኪያዋ)። 12 ቮልት ባትሪ ማለት ውስጡ በየአንዳንዳቸው 2 ቮልት አካባቢ የሚሰጡ 6 ክፍሎች በሴሪ ተደርድረው ማለት ነው፣ ስለዚ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.8 አካባቢ ማሳየት አለበት። አሮጌው (የ5 ዓመቱ) 10.2 አለ። ይሄ ቁጥር ብዙ ይናገራል፣ ከ12 ላይ አንድ ክፍል ሲሞት ሁለት ቮልት ይጎድላል፣ 10 ከምናምን ይቀራል። አንድ ክፍሉ ሞቷል ማለት ነው፣ የቀሩት 5ቱ ምንም ቢሆኑ ዋጋ የለውም።

"አዲሱ" (የ2 ዓመቱ) ግን 12.5። ደስ አለኝ፣ ደስታዬ የቆየው ግን የመኪና ፍሬቻ አምፖል እስካገናኝበት ነው። 21 ዋት አምፖል ነች፣ ወደ 1.75 አምፔር ትስባለች፣ ለባትሪ ምንም ማለት አይደለችም። እሷን ሳበራበት ቮልቱ ወደ 9.1 ዘጭ አለ፣ ደቂቃ ሳይሞላ 6፣ አምፖሏም ብርቱካንማ ሆና ፈዘዘች። ያለ ጭነት የተለካ ቮልት ውሸታም ነው። ቴስተር ብቻ ይዛችሁ "ባትሪው ደህና ነው" አትበሉ፣ የሚሸከመው ነገር ስጡትና እዩት።

አሁን ግን አንድ ነገር አላስተኛኝም። ይበልጥ ያበጠው አዲሱ ነው። አሮጌው ትንሽ ነው የተነፋው፣ አዲሱ ግን ቂጣ ላይ እንደተቀመጠ አየር ጉብ ብሏል። ለምን?

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሌሊት አስቤ አስቤ አንዱን መልስ አገኘሁት። ዩፒኤሷ ሁለቱንም ባትሪ በአንድ መስመር ነው ቻርጅ የምታደርገው፣ ድምሩን ነው የምታየው፣ ለእያንዳንዱ ስንት እንደደረሰው አታውቅም። 27 ከምናምን ቮልት ስትሰጥ ሁለቱ ጤነኛ ከሆኑ እኩል ይካፈሉታል። አንዱ አንድ ክፍሉ ከሞተበት ግን እሱ 11 ምናምን ላይ ይቀራል፣ የቀረው 16 ቮልት ጤነኛው ላይ ይወድቃል። ጤነኛው ቀንና ሌሊት ይፈላል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ይደርቃል፣ ያብጣል። ስለዚ አዲሱን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ የዛሬ 2 ዓመት፣ ግማሽ ብር ቆጥቤ። ሽማግሌና ጎረምሳ አንድ ቀንበር ላይ ጠምጄ ማረሴ ነው።

እንግዲህ ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ፣ ክርክር የለም።

ማታ ጎረቤት ሰበሰበኝ። ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ከላይ ያለው ሰውዬ "ምን አለፋህ፣ የመኪና ባትሪ ከውጭ ግጠምላትና ቀኑን ሙሉ ትስራ" አለ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ይሰራልም፣ እኔ ግን አልፈልግም። የመኪና ባትሪ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ለአፍታ ብዙ ከረንት ሰጥቶ ወዲያው መሞላት፣ እስከ ታች ሲወርድ ሲወጣ ቶሎ ይሞታል። ክዳን ያለው ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ደሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ነው፣ ሳሎን ውስጥ፣ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ። የዩፒኤሷ ቻርጀርም 1 አምፔር አካባቢ የምትሰጥ ሚጢጢ ነገር ናት፣ ያን ሬሳ እስክትሞላ ሁለት ሦስት ቀን ትፈጃለች። ትራንስፎርመሯም ለአጭር ጊዜ ታስባ የተሰራች ናት፣ ሰዓታት ስትሰራ ትግላለች።

አንዱ ደሞ "ሊቲየም ግባ" አለኝ። ሊቲየሙን ጠልቼ አይደለም፣ ለሶላር ቢሆን እሱኑ ነበር የምገዛው። ግን የሊቲየም ባትሪ የራሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለው፣ ሁለቱን በሴሪ ማሰር ሁሉም አይፈቅድም፣ የዩፒኤሷ "ባትሪ አለቀ" የምትልበት ቮልትም የተሰላው ለሊድ ባትሪ ነው። ለዚች አሮጊት ሴትዮ አዲስ አመል ማስተማር አልችልም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

መርካቶ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ተሸካሚ "ዞር በል!" እያለ። ቴስተሬን፣ ፍሬቻ አምፖሏንና ሁለት አዞ መያዣ ያለው ሽቦ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

ዋጋውን አልጽፍም፣ እናንተ እስክታነቡት ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ስለ ዕቃው ግን ላውራ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ 9 አምፔር ነው ብሎ አንድ አነሳልኝ። መልኩ አንድ ነው፣ መጠኑም አንድ ነው፣ ምክንያቱም 7 አምፔሩም 9 አምፔሩም በተመሳሳይ ሳጥን ነው የሚመጡት፣ 151 በ65 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 94። ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው፣ እርሳስ ደሞ ይከብዳል። እጄ ላይ ቀለለኝ። ጎን ያለችውን ቅመም የምትሸጥ ልጅ "እህቴ አንዴ ሚዛንሽን" አልኳትና በርበሬው ጎን አስቀመጥኩት፣ 1 ኪሎ ከ900 ግራም። ደህና 9 አምፔር ባትሪ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው የሚመዝነው፣ 7ቱ ራሱ 2 ኪሎ ያልፋል። ይሄ 9 የሚል ወረቀት የለበሰ ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ባለሱቁ "ባትሪ በኪሎ የሚገዛ ሰው ዛሬ አየሁ" ብሎ ተናደደ። ልጅቷ ግን ወደደችው፣ ስወጣ "ወንድሜ ሽንኩርትም እንደዚሁ ነው፣ ሳይመዘን አይገዛም" አለችኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ክብደቱ ደህና ነው፣ ቮልቱ ግን 12.1። አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ አልተቀደደም፣ ግን መደርደሪያ ላይ ማንም ሳያስታውሰው ቆይቷል ማለት ነው። ሊድ ባትሪ ባይነካም ብቻውን እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሳይሞላ ብዙ ወር ከተቀመጠ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ጠጥሮ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ብትሞላውም ድሮ የያዘውን አይዝም። ሰውዬው "ቻርጅ ስታደርገው ይስተካከላል" አለኝ። ቮልቱ ይስተካከላል፣ ሆዱ አይስተካከልም።

ሦስተኛው ጋ አንድ ጸጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። "ጋሼ፣ ብለካቸው ይከፋዎታል?" ስላቸው "ለካ ልጄ፣ የማያስለካህን አትግዛ" ብለው ካርቶኑን ወደኔ ገፉት። ስድስት ባትሪ ለካሁ። ከ12.70 እስከ 12.86። ጎናቸው ላይ የታተመውን ቁጥር አየሁ፣ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንድ ላይ የተመረቱ። ከመሃል በቮልት የሚቀራረቡትን ሁለት መረጥኩ፣ 12.84 እና 12.82። ፍሬቻዋን አገናኘሁ፣ 12.5 ላይ ቀጥ ብላ ነጭ በራች፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ንቅንቅ የለም። ጫፉን ደሞ አየሁ፣ ሰፊው ነው፣ 6.35 ሚሊሜትር። ጠባብ 4.75 የሆነም አለ፣ ሽቦው ላዩ ላይ ይላላል፣ የላላ ኮንታክት ደሞ ይግላል፣ በፒንሳ እየጠበበ የሚሸጥላችሁ ካለ እምቢ በሉ።

ጋሼ አሮጌዎቹንም "አምጣቸውና ከዋጋው እቀንስልሃለሁ" አሉ። ሰፈር ለሚዞረው ቆራሌ ልሰጥ ነበር ያሰብኩት፣ ግን ቆራሌው ለማን እንደሚሸጠው አይታወቅም፣ አንዳንዱ አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እርሳሱን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እኛ ቦይ አጠገብ ደሞ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ለጋሼ ወሰንኩ።

ሐምሌ 18፣ አርብ

ዛሬ ምንም አልተሠራም፣ ባትሪዎቹ ናቸው የሚሠሩት። ሁለቱን በፓራሌል (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር) አስሬ ከታች ያለው ሞተረኛ ልጅ ባዋሰኝ የሞተር ባትሪ ቻርጀር ላይ አዋልኳቸው። ለምን ብትሉ፣ በሴሪ ከመታሰራቸው በፊት ሁለቱም እኩል እንዲሞሉ። እኩል ጠግበው ከተነሱ እኩል ይሄዳሉ። የ0.02 ቮልት ልዩነት ብዙ አይደለም፣ ግን ከዚህ በፊት በዚሁ በኩል ስለተቃጠልኩ ጥንቃቄ አበዛሁ።

ማታ ከቻርጀሩ ነቅዬ አሳደርኳቸው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ጠዋት ሁለቱም 12.93። ከቤተክርስቲያን መልስ ገጠማ።

ፎቶዎቹን ከፍቼ ከጎኔ አደረግኩ። አጭሯ ሽቦ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ታገናኛለች፣ የቀሩት ሁለት ጫፎች ላይ ቴስተር ሳደርግ 25.86፣ ልክ። 0 ቢል ኖሮ አጭሯን ሽቦ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ከዛ ጥቁሩን ሰካሁ፣ ቀዩን ላስጠጋ ስል ጣ! ብልጭታ። ባትሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝም፣ እህቴ "ተቃጠለ!" ብላ ጮኸች። አልተቃጠለም። ቦርዱ ላይ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) ባዶ ስለሆኑ መጀመሪያ ሲነካኩ ጥም እንዳለበት ሰው ይጎነጫሉ፣ አንዴ ብቻ ነው። አቅጣጫው ልክ ከሆነ ብልጭታዋ ምንም አይደለችም። አቅጣጫው ከተገላበጠ ግን ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዝ ነው የሚሄደው፣ ካልሆናችሁ ቦርዱ። ስለዚ ከመስካታችሁ በፊት ቴስተሩን ሁለቴ እዩ። በሁለተኛው ሙከራ ሳላመነታ ጥርቅም አድርጌ ሰካሁት። ሲያመነቱ ነው ብልጭታው የሚበዛው።

ስፒናውን ሰክቼ አበራኋት። አንድ ጢጥ፣ አረንጓዴ መብራት። እማዬ ከኩሽና "ተነሳች?" አለች፣ ድምጿ ላይ ደስታ የለም።

ሽፋኑን ግን አልዘጋሁትም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሆዴ ውስጥ ያ ያበጠ ባትሪ አለ። አሮጌውም እኮ ትንሽ አብጦ ነበር፣ እሱንስ ማን አነፋው?

ሐምሌ 20፣ እሁድ ማታ

24 ሰዓት ሞላ፣ ባትሪው ጠግቧል። አዞ መያዣዎቹን ዩፒኤሷ ጠፍታ ተነቅላ እያለ አስሬ ሽቦውን ወደ ውጭ አውጥቼ ስለነበር የቻርጁን ቮልት እጄን ሳላስገባ ነው የለካሁት።

28.7።

ባትሪው ጎን ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። "ሳይክል ዩዝ" 14.4 እስከ 15.0፣ "ስታንድባይ ዩዝ" 13.5 እስከ 13.8። ሳይክል ማለት ተጠቅመህ ሞልተህ ከቻርጅ የምትነቅለው ነው። ስታንድባይ የኛ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር። ለሁለት ባትሪ ከ27.0 እስከ 27.6 መሆን ነበረበት ማለት ነው። እሷ 28.7 እየሰጠች ነው፣ ለአንዱ 14.35። በአንድ ቀን ምንም አያደርግም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት ግን ቀስ ብሎ መቀቀል ነው።

አንዳንድ ዩፒኤስ ሲሞላ ከፍ አድርጎ ከሞላ በኋላ ዝቅ ያደርጋል፣ ምናልባት ገና አልወረደች ይሆናል ብዬ እስከ ነገ ታገስኩ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

28.7። አልወረደችም፣ አትወርድም።

እንግዲህ ገዳዮቹ ሦስት ሆኑ፦ ቻርጀሯ፣ ግማሽ ቅየራዬና ያ ፍሪጅ። የፍሪጁ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይተፋል፣ እጄን ሳስገባ የዩፒኤሷ ቆርቆሮ ለብ ብሏል። ለሊድ ባትሪ የሚባለው መለኪያ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለን እንመካለን፣ ቤታችን ውስጥ ግን ለሷ ብቻ ቆላ ሠርተንላታል። ዛሬውኑ ወደ መስኮቱ ጥግ አዛወርኳት። እማዬ "እዛ ለዓይን ታስጠላለች" አለች፣ የዳንቴል ጨርቅ ልታለብሳት ፈለገች፣ አየር ያፍናታል ብዬ ተለማምጬ አስቀረሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሰው አሉን ሰፈር ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በስታኞ ጭስ ያሳለፉ። ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "ይቺ ሰማያዊ፣ መሃሏ መስቀል ያላት፣ ቫሪያብል ናት፣ ቻርጁን የምታስተካክል እሷ ትመስለኛለች" አሉና ወዲያው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። "ግን ልጄ፣ የነዚህ ርካሽ ዩፒኤሶች ባትሪ ከመብራት መስመሩ ያልተለየ ሊሆን ይችላል። 24 ቮልት ነው ብለህ በባዶ እጅህ እንዳትነካ።"

ቤት ሄጄ አረጋገጥኩ። ተሰክታ እያለች ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጌ በባትሪው ኔጋቲቭና በሶኬቱ ኧርዝ መሃል ለካሁ፣ 118 ቮልት። ጭራሽ! በ24 ቮልት ማን ይሞታል እያልኩ እኮ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙልኝ፣ ስፒናው ካልተነቀለ እጅ አይገባም።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

የማዞሩ ቀን። ቫሪያብሏ የምስር ፍሬ ነው የምታክለው፣ ከፍ ብሎ ከቆመ ካፓሲተር ስር ተደብቃለች። አሠራሩ ትዕግስት ይጠይቃል፦ አጥፋ፣ ስፒና ንቀል፣ ትንሽ ጠብቅ፣ በፕላስቲክ እጀታ ካቻቪቴ ፀጉር ታህል አዙር፣ እጅህን አውጣ፣ መልሰህ ሰካ፣ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ አንብብ። 10 ደቂቃው የግድ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ስለሆነ ቮልቱ ወዲያው አይወርድም፣ ቀስ እያለ ነው የሚረጋው።

ከማዞሬ በፊት የመጀመሪያ ቦታዋን በማርከር ምልክት አደረግኩባት፣ ቢበላሽ መመለሻ እንዲኖረኝ።

መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ 28.9። ተሳሳተ፣ ወደ ግራ ነው። 28.4። 28.1። ሦስተኛው ላይ ትዕግስቴ አለቀና በዛ አድርጌ አዞርኩ፣ 26.6። ይሄም አይሆንም፣ አነሰ፣ ባትሪው ሁሌ እየራበው ይኖራል፣ ሰልፌት የሚጠጥረው እንደዛ ነው። መለስ፣ 27.5። ትንሽ መለስ፣ 27.3። ተነስቼ ቡና ጠጣሁ፣ አቦልና ቶና፣ ተመልሼ አየሁ፣ 27.3። በረካም ጠጥቼ አየሁ፣ 27.3። እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ለመለካት ነቅዬ መያዣውን አዛውሬ መልሼ ሰካሁ፣ 13.66 እና 13.64። እኩል እየተካፈሉ ነው።

አሁን ሽፋኑ ይዘጋ። ያበጠ ባትሪ ያጣመመውን የጎን ቆርቆሮ በመዶሻ ደልድዬ ስድስቱንም ቪቴ መለስኩ፣ አንድም አልተረፈኝም (ይሄ በኔ ታሪክ የመጀመሪያው ነው)። የቴስተሩን ሽቦ ግን በአየር ማስገቢያው በኩል አውጥቼ ጫፎቹን ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልዬ አስቀረሁ፣ ለፈተናው። ዩፒኤሷ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "ባትሪ ሐምሌ 19/2017 ሁለቱም፣ ቻርጅ 27.3"።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ፈተና። ራውተሩ፣ ላፕቶፑ፣ አንድ 9 ዋት አምፖል፣ ሁሉም ተሰክተው እኔው ስፒናውን ነቀልኩ። ጢጥ። ስልክ ላይ ሰዓት አስጀመርኩ።

ሲጀምር 25.4። በ30 ደቂቃ 24.6። በ60 ደቂቃ 23.7። እዚህ ድረስ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ ከዛ በኋላ ግን ቁልቁለት ነው፣ በ75 ደቂቃ 22.6፣ ጩኸቱም በየሰከንዱ ሆነ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። 21.1 ላይ ጠፋች። 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ።

9 አምፔር በ24 ቮልት 216 ዋት ሰዓት አይደለም ወይ፣ የኛ ዕቃ 60 ዋት ቢሆን ከ3 ሰዓት በላይ መቆም የለባትም ወይ የሚል አይጠፋም። ወረቀት ላይ አዎ። ግን 9ኙ የተለካው በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲጠጣ ነው፣ ፈጥነህ ስትጠጣው ያነሰ ነው የሚሰጥህ፣ ዩፒኤሷም ለራሷ የምትበላው አለ፣ ትራንስፎርመሯ የሚግለው በነጻ አይደለም። ለኔ ስብሰባ 1 ሰዓት ከ22 በቂዬ ነው።

እስክትጠፋ ድረስ የማወርዳት ለዚህ አንድ ፈተና ብቻ ነው። ሊድ ባትሪ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከዕድሜው ይቆረጣል። ከእንግዲህ 40 ደቂቃ ስትሞላ ላፕቶፑን ነቅዬ በራሱ ባትሪ ነው የምሠራው፣ ለሷ ራውተሩን ብቻ እተውላታለሁ። ከሰዓት አሮጌዎቹን ለጋሼ አደረስኩ፣ በካርቶን፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ጫፎቻቸው በናስትሮ ታሽገው። ያበጠውን አገላብጠው አዩና "ይሄን ምን አበላኸው?" አሉኝ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት። ቮልቱ ዛሬ ጠዋት 27.3፣ ጎኗን በእጄ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ። የቴስተሩን ሽቦ ነቅዬ አወጣሁት።

ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ይበሳል። ዩፒኤሷም ሥራዋን ጀመረች፣ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። እማዬ ፍልሰታን ይዛለች፣ ሌሊት ለኪዳን ነው የምትነሳው፣ ያቺ ያላት ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ናት። ጋቢዋን ተከናንባ መጣች። "ይሄን ሁሉ ቀን ፈተህ ስትገጥም ይሄን ጩኸት ማውጣት አቃተህ?"

ድምፅ ማውጫዋን በናስትሮ ልሸፍን አስቤ ነበር፣ አሁን እንደገና ስድስት ቪቴ ልፈታ ነው እያልኩ በጨለማ ስዳብስ ሳላስበው ማብሪያዋን ለአፍታ ጫን አድርጌ ለቀቅኳት።

ዝም አለች። ራውተሩ ይበራል፣ አምፖሏ ይበራል፣ ጩኸት የለም። ደግሜ ጫንኩ፣ ጢጥ። ደግሜ፣ ዝም።

እማዬ ትንሽ አየችኝ። "5 ዓመት ሙሉ?" አለችና ተመልሳ ተኛች።